ባለ ሁለት ቴስታታዋ ሞተር

ጥርሴ ገጣጣ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መልኬን ለማስተዋወቅ ብዬ ሳይሆን ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ከንፈሬ አይገጥምም። ስለዚህ ዝም ስል የምስቅ፣ ስናደድ የማሾፍ እመስላለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ እከናነባለሁ። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመኝ መንጃ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት "ምን ያስቅሃል?" ይለኛል። መርሳ ላይ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጋራዥ አለኝ፤ የቆዩ ደንበኞቼ ለምደውኛል። አዲስ ሰው ግን ነክሶ አልዞር ያለ ሞተሩን በፀሐይ እየገፋ መጥቶ ፊቴን ሲያይ ይቀየመኛል። መቀየሙ መብቱ ነው፤ ጥርሱ ግን የእኔ ነው፣ የትም አልጥለውም።

ይህን ጥርስ ከባለቤቴ ቀጥሎ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ወዳጄ ነው። ከጋራዤ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ክፍል ውስጥ ራዲዮ፣ ስልክ፣ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናል። ቤቱ ውርጌሳ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ መጥቶ ማታ ይመለሳል። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ጁምዓ ሲሄድ ሱቁን እጠብቅለታለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጋራዤን ይጠብቅልኛል። እሱ በሚጠብቅበት ቀን ገበያው ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ትልቋ ልጁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከሁለታችን ደጅ አልጠፋችም። "ጋሼ" ትለኛለች። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ ስለዚህ ጋሼ ስትለኝ የምሰማው ሌላ ቃል ነው። ለአንድ የሐራ ልጅ ስትታጭ የሰርጉ ነገር ሳንነጋገርበት የታወቀ ነበር። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፤ አንዱ ለሙስሊሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ። የክርስቲያኖቹ ሰንጋ እኔ ቤት ይታረዳል፣ ክርስቲያን እንግዳ ሁሉ እኔ ቤት ይበላል፣ እኔም ልጅ እንደሚድር ሰው ደጄ ላይ ቆሜ "ግቡ፣ ግቡ" እላለሁ። ያን ቀን ከአባቷ የበለጠ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። ይህን ቀን ልታሳጣኝ የነበረችው ደግሞ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል፣ ሞተር ውስጥ ነዳጅ የምትለኩስ ካንዴላ ናት።

ወዳጄ አንድ ቀን ለጥገና የገባለትን የሰው ስልክ ይዞ መጣ። ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ሞተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያስነሳታል። ምንም አትነዳም፣ ምንም አትፈጭም፣ ውሃም አትስብም። ትዞራለች፤ ፈረንጁ ያያታል። "ይህን የሚሠራ ሰው እዚህ አገር አለ?" አለኝ ወዳጄ። ጥያቄ መስሎ ቢቀርብም ነገር ፍለጋ ነው። "አለ" አልሁት፣ ፊቴን ከያዝሁት ካርቡራተር ሳላነሳ።

ሲሊንደሯ ከብረት ቱቦ፣ ፒስተኗ ከቀለጠ የባጃጅ ፒስተን ነው የተሠሩት። ወልድያ ያለ ቶርኖ ቤት ወስደን አስቀረጽናቸው፤ የቀረውን በሞረድ ጨረስነው። የክረምቱ ጭቃ ሥራ አቀዝቅዞ ስለነበር ጊዜ ነበረን። ሁሉም ነገር ሲያልቅ የጎደለችን ካንዴላ ብቻ ሆነች። ወልድያ ከሚገኙት የመለዋወጫ ሱቆች ያገኘናት ትንሿ የመጋዝ ሞተር ካንዴላ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ከሞተራችን ትወፍራለች። ሻጩ ሞተሯን ገልብጦ አያትና "የምን ሞተር ነው?" አለ። "የራሱ" አልነው። መልሶ ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ስለዚህ ካንዴላዋን ራሳችን እንሠራለን ተባለ።

የምን ካንዴላ? ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሣ። እኔ ካንዴሌታ እንሥራ አልሁ። ካንዴሌታ የናፍጣ መኪና ላይ ያለው ዓይነት ነው፤ ብልጭታ የለውም፣ ኤሌክትሪኩን የሚያጎላ ኮይል አይፈልግም፤ ውስጡ ያለች ትንሽ የሽቦ ጥቅልል በባትሪ ትግልና ነዳጁን ትለኩሳለች። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ እንዲህ ላለች ትንሽ ሞተር የሚስማማው ነዳጅ አልኮል ነው፣ በእኛ ሠፈር ደግሞ አልኮል ማለት አረቄ ነው። ባለቤቴ ዳግም የሚባለውን፣ ሁለት ጊዜ የተጣራውን አረቄ ታወጣለች፤ እሱ ላይ ለማለስለሻ የጉሎ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። ጉሎ እንደሆነ በእኛ ወረዳ በሀብሩ ሳይዘሩት በየአጥሩ ይበቅላል።

ወዳጄ ዳግም የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁን ከሞተሯ ላይ ሰበሰበ።

"ሐራም ነው" አለ።

"አንተ አትጠጣውም እኮ። የምትጠጣው ሞተሯ ናት።"

"ሞተሯ የማን ናት?"

"የሁለታችን።"

"እንግዲያው ግማሿ ሙስሊም ናት።"

እሱ የፈለገው በቤንዚን የምትሠራ፣ ብልጭ የምትል ካንዴላ ነው። ይህ ማለት ኮይል አለ፣ ብልጭታውን በጊዜው የሚቆራርጥ ፑንቲና አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመካከለኛዋ መርፌና በቡሎኑ ብረት መሃል ኤሌክትሪክ የማያሾልክ፣ እሳት የማይበላው ነገር ያስፈልጋል። ቡሎኑ ከእርሳስ የማይወፍር ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ አስረዳሁት። አዳመጠኝና "አብሽር፣ ይሠራል" አለ። የሚሠራው እሱ ቢሆን አብሽርነቱ ባልከፋ ነበር።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ መላውን ያመጣው እሱው ነው። "በሰርግ ሁለት ሰንጋ አይደል የሚታረደው?" አለ። "ነው" አልሁ። "ታዲያ ሁለት ክዳን እንሥራላታ።" ክዳን ያለው እኛ መካኒኮች ቴስታታ የምንለውን፣ ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋውንና ካንዴላው የሚታሰርበትን ነው። አንዱ ቴስታታ የእኔን ካንዴሌታ ይይዛል፣ ሌላው የእሱን ካንዴላ። ቡሎኖቹን ፈትቶ መቀያየር ብቻ ነው። ነዳጃቸውም በየራሱ የውሃ ፕላስቲክ ሆነ፤ አረቄው ባለ ቀይ ክዳን፣ ቤንዚኑ ባለ ሰማያዊ ክዳን። የሙስሊምና የክርስቲያን ቴስታታ ያላት ሞተር ከመርሳ ሌላ የት እንዳለች አላውቅም፤ ካለች ከባለቤቶቿ ጋር መተዋወቅ እፈልጋለሁ።

ካንዴላዋ ግን አስቸጋሪ ሆነች። ወዳጄ መጀመሪያ የበሬ ቀንድ ሞከረ፤ የሚቃጠል ቀንድ ሽታ መንገደኛን ወደ ማዶ አሻገረ። ቀጥሎ የምድጃ ሽቦ የሚሰካባቸውን ነጫጭ የሸክላ ዶቃዎች ሞከረ፤ ሲግሉ ተሰነጠቁ። መጨረሻ የደረሰው ሚካ ላይ ነው። ሚካ አሮጌ ካውያ ሲፈታ ከውስጥ የምትገኝ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳች የምትገፈፍ ነገር ናት። እሷን መርፌ ላይ ጠቅልሎ፣ ጠቅልሎ፣ በተበሳች ቡሎን ውስጥ ይሸጉጣታል። ውጭ ላይ ሲሞክራት ደስ የሚል ሰማያዊ ብልጭታ ትሰጣለች፤ ሲሊንደር ውስጥ ገብታ አየሩ ሲታመቅባት ግን ጭራሽ ዝም ትላለች። የእኔም ካንዴሌታ ብትሆን ሞተሯን ቱፍ ቱፍ ታሰኝና ሽቦዋ ይቀልጣል። ባለቤቴ "አረቄዬ ውሃ ነው ተብሎ ስሜ ይጠፋል" ብላ ስለ ሞተሯ ለሰው እንዳላወራ አስጠነቀቀችኝ።

እንዲህ እያልን ሰርጉ ቀረበ። አንድ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ጋራዥ መጥታ ስትመለስ ቀዩን ክዳን ለዘይት ፕላስቲኳ ፈለገችውና ወሰደችው፤ በምትኩ አረቄው ላይ መሬት ያገኘችውን አንድ ሰማያዊ ክዳን ገጥማ ሄደች። ለእሷ ክዳን ክዳን ነው። ወዳጄ የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞታል፤ አፍንጫው ተዘግቶ ነበር። የእሱን ቴስታታ አሰርንና ቤንዚኑ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ሞተሯ እንዲወርድ እንደ ሁልጊዜው በአፉ ሳበው። ቤንዚን ሲመጣ መትፋት ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን ተፍቶታል። ይህ ግን ቤንዚን አልነበረም። ግራ የገባው ሰው ደግሞ ይውጣል።

ቆመው የነበሩ ባለ ባጃጆች በሳቅ ፈረሱ። አንዱማ "ወንድም፣ እንኳን ወደ እኛ ጠጪዎች በደህና መጣህ!" አለው። ወዳጄ "አዑዙ ቢላህ" እያለ አፉን በውሃ ሲያጥብ ቆይቶ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው የእኔን ፊት ነው። ፊቴ ደግሞ እንደነገርኋችሁ ነው።

"አንተም ትስቃለህ" አለኝ።

"አልሳቅሁም።"

"እያየሁህ?"

አልሳቅሁም። ደንግጬ ነበር። ያኔም ተናግሬአለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ። ክዳኑን አልቀየርሁም፣ ጉንፋኑን አላመጣሁበትም፣ ባለ ባጃጆቹንም አልወለድኋቸውም። እሱ ግን ሱቁን ቆልፎ በእኩለ ቀን ሚኒባስ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ተመልሶ ሥራ ጀመረ፤ ከእኔ ጋር ግን ቃል አልተነፈሰም። የግድ ስለ እኔ መናገር ሲኖርበት "ይህ ሰውዬ" ይለኛል፤ ለደንበኛ፣ ለሻይ አቅራቢዋ፣ ማንም ከሌለ ለግድግዳው። ወሬው ግን እንደ እሱ አላኮረፈም። ውርጌሳ ገብቶ ሳያርፍ ሐራ ተሻገረ። የልጅቱ አማቾች ጥብቅ ሰዎች ናቸው፤ "የሙሽራዋ አባት አረቄ ጀመረ የሚባለው እውነት ነው?" ብለው ሰው ላኩ። ወዳጄ እውነቱን ተናገረ። አረቄው የእሱ ሳይሆን የሞተር ነው አለ፤ ሞተሯ ምንም እንደማትሠራ፣ የክርስቲያን ክዳን እንዳላት፣ ሁሉንም። እውነቱ ከወሬው የባሰ ሆነ።

ከዚያ ከወዳጄ፣ በዚችው ትልቋ ልጁ በኩል፣ አንድ መልእክት ደረሰኝ፤ የክርስቲያኖቹ ሰንጋ ሌላ ሰው ቤት ይታረዳል።

ያን ቀን የሰው ባጃጅ ቡሎን ከልክ በላይ አጥብቄ በጠስሁ። ሰንጋው ብቻ አይደለም ያናደደኝ። ትራፊክ ፖሊስ ሳቅህ ቢለኝ አያውቀኝም። ይህ ሰው ግን አባቴን የቀበርሁ ዕለት አጠገቤ ቆሞ ነበር። የዚያን ዕለት ፊቴ ምን እንደሚመስል አይቷል። እሱ ነው "እያየሁህ" ያለኝ። በጣም ከፋኝ፤ ሲከፋኝ ደግሞ ምን እንደምመስል ታውቃላችሁ።

ልጅቷ መልእክቱን አድርሳ አልሄደችም። የጋራዡን በር ተደግፋ ቆመች።

"ጋሼ፣ እኔ በኩርፊያ መሃል አልዳርም" አለች።

"ለአባትሽ ንገሪው።"

"ነገርኩት። ሂጂና ለዚያ ሰውዬ ንገሪው አለኝ።"

ከሁለታችን ፋይዳ እንደማታገኝ ሲገባት በራሷ እግር አባጋሩ ዘንድ ሄደች። አባጋር በእኛ አገር ደም የሚያደርቅ፣ የተቀያየመን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃሉን ይሰማል። የእኛ አባጋር ከውርጌሳ በላይ ዳገቱ ላይ ነው የሚኖሩት። የገደለና የተገደለበት፣ ድንበር የገፋና የተገፋበት ፊታቸው ቀርቧል። ካንዴላ ቀርቦላቸው አያውቅም።

ግቢያቸው ውስጥ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እኔን ከአንድ ጫፍ፣ ወዳጄን ከሌላው ጫፍ አስቀመጡን። አባጋሩ የሁለታችንንም ቃል ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ዋጥኸው?" አሉት ወዳጄን።

"ዋጥሁት፣ አባባ።"

"አውቀህ?"

"ወላሂ ሳላውቅ።"

"ሳታውቅ ከሆነ አላህ ያውቃል። ታዲያ ምን ቀረህ?"

"ይህ ሰውዬ ሳቀብኝ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ሳቅህበት?"

"አልሳቅሁም፣ አባባ። አንቱ ራስዎ እንደሚያዩት ጥርሴ ነው።"

"እስቲ አፍህን ግጠም።"

ሞከርሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። "አሁን ይስቃል?" አሉ አንደኛው። "ኧረ አይስቅም፣ እየታገለ ነው" አሉ ሌላኛው። አባጋሩ ወደ ወዳጄ ተመለሱና "አንተ ታውቀዋለህ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው?" ብለው ጠየቁት። ወዳጄ ምንጣፉን አየ። የምንጣፉን ጭራ በጣቱ ፈተለ። ያ ዝምታ ባለቤቴ ካወጣችው አረቄ ሁሉ በላይ አቃጠለኝ።

አባጋሩ ትንሽ ጠብቀው "ዕቃው ምን ያዞራል?" አሉ።

"ምንም፣ አባባ። ራሱን ነው።"

"ምንም ለማያዞር ዕቃ ነው የተኳረፋችሁት?"

"አዎ" አልን ሁለታችንም። ያን ቀን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

ፍርዱን ሳይሰጡ አሰናበቱን። ያላዩትን ነገር እንደማይዳኙ፣ ዕቃውን አዘጋጅተን በፊታቸው እንድናስነሳው፣ ያኔ እንደሚናገሩ ነገሩን። የትኛው ቴስታታ ይታሰር ብዬ ጠየቅሁ። "ሁለታችሁም አጠገቡ የምትቀመጡበት" አሉ። ይህ ማለት የቤንዚኑ ነው፤ ማለትም አንድ ቀን እንኳ ሠርታ የማታውቀው የወዳጄ ካንዴላ። የልጅቱ ሰርግ፣ የእኔ ሰንጋና የእኔ ጥርስ በሚካ ልጣጭ ላይ ተንጠለጠሉ።

ሳንነጋገር መሥራት ጀመርን። ጠዋት ወዳጄ ጋራዤ ውስጥ ገብቶ ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ይሠራል፤ እኔ ደጅ ወጥቼ ባጃጅ ሥር እተኛለሁ። ከሰዓት እኔ እገባለሁ፣ እሱ ሱቁ ይቀመጣል። የሚናገረውን ለሞርሳው ይነግረዋል፤ "ይህን ቡሎን የበሳ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል" ይላል። እኔም በተራዬ ለሞርሳው እመልስለታለሁ፤ "ሚካውን የጠቀለለው ሰው መነጽር ይግዛ" እላለሁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ይሰማል። እውነት ለመናገር እንዲህ ተጠንቅቀን ሠርተን አናውቅም። ተኳርፎ የሚሠራ ሰው ስህተቱ እንዳይገኝበት ይፈራል።

ከበሳናቸው ቡሎኖች ሁሉ መሃሏን ሳትስት የተበሳችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም የእኔ ካንዴሌታ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት ሽቦዋን ነቅዬ ባዶዋን ሞርሳው ላይ አስቀምጫት ወጣሁ። ለሞርሳውም ምንም አልነገርሁ። በማግስቱ ስገባ ሚካ ተጠቅልሎ ተሸጉጦባት፣ መርፌዋ ቀጥ ብላ ገብታ አገኘኋት። ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ወረቀት የማያሳልፍ ያህል አጠበብሁት። የእሱ ሐሳብ ውጭ ላይ ብልጭታው እንዲያምር ስለነበር ክፍተቱን ያሰፋው ነበር፤ ለዚህ ነው ውስጥ ሲገባ የሚጠፋው። ከግድግዳው ማዶ "አሃ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለማን እንደተባለ አላውቅም።

በቀጠሮው ቀን ሞተሯን ጣውላ ላይ አስረን፣ የባጃጅ ባትሪና ኮይል በከረጢት ይዘን ዳገቱን ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ልጅቷም እናቷን ይዛ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ሞተሯን ምንጣፉ መሃል አስቀመጥናት። አባጋሩ አጎንብሰው አዩዋት፤ በከዘራቸው ጫፍ መዘውሯን ነካ አደረጓት፤ ዞረች። "ለካ ያለ እሳትም ትዞራለች" አሉ።

ባትሪውን አገናኘን። ነዳጁን በቱቦው መሳብ ቀረ። ወዳጄ ፕላስቲኩን አነሣና ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ለአባጋሩ ሰጣቸው፤ እሳቸውም አሸተቱና ለቀጣዩ አሳለፉ፤ እንዲህ ምንጣፉን ዞሮ ሽማግሌ ሁሉ ቤንዚን መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ፕላስቲኩ እኔ ፊት ተቀመጠ። የሚስበው ሰው እኔ እንደሆንሁ በዚህ ገባኝ።

ቱቦዋን አፌ ውስጥ ከተትሁ። ከንፈሬ እንደማይገጥም ተናግሬአለሁ፤ ቀጭን ቱቦ መያዝ ለእኔ ሥራ ነው። በሌላ ቀን ጥርሴ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ እስባለሁ። ያን ቀን ግን ሁሉም አፌን ነበር የሚያየው። ተጨንቄ በኃይል ሳብሁ፤ አፌ ሙሉ ቤንዚን መጣ፤ ግማሹ ጉሮሮዬን አልፎ ሄደ። እጄ በልምድ ቱቦዋን ሞተሯ ላይ ሰካት፤ ዓይኔ ግን ጨለመብኝ።

"ትፋው! ትፋው! አትዋጥ፣ ወንድሜ፣ ትፋው!"

ማጅራቴን ይዞ ወደ መሬት ደፋኝ። ወዳጄ ነው። በአንድ እጁ ጭንቅላቴን ወደ ታች ተጭኖ በሌላው ጀርባዬን ይመታል፤ "ውሃ አምጡ! ምን ታያላችሁ፣ ውሃ!" እያለ ሽማግሌዎቹ ላይ ይጮኻል። በአባጋሩ ግቢ እንዲህ የጮኸ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሆዴ ተቃጥሎ፣ አፍንጫዬ ነድዶ፣ ምራቄ እየወረደ እንኳ አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ ያነጋገረኝ እኔን ነው።

ያን ጊዜ ነው ሞተሯ ከኋላችን የተነሣችው። አባጋሩ ሁለታችን ጀርባችንን ስንሰጥ፣ ሥራ ሲፈቱ፣ መዘውሯን አሁንም በከዘራቸው ገፋ አድርገዋታል። ትርርርርር አለች። ጭስ ማውጫዋ ባዶ ቱቦ ስለሆነ ድምጿ ከቁመቷ ጋር አይገናኝም። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚደረግ ባለፉት የጦርነት ዓመታት ሁሉም ተምሯል፤ አንደኛው ሽማግሌ ከእንጨት ክምሩ ኋላ በደረታቸው ተኝተው ተገኙ። ሴቶቹ ወደ ቤት ገቡ። አባጋሩ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ልዞር ብል ወዳጄ ማጅራቴን አልለቅ አለ። "ትፋው" ይላል አሁንም። በቱቦዋ ውስጥ የነበረው ቤንዚን እስኪያልቅ ዞረችና ቆመች። ቀና ስንል ጭሷን ብቻ አየን።

"ሠራች?" አልን አብረን።

"ሠራች" አሉ አባጋሩ። "ምንም አላዞረችም።"

ያን ያህል የደከምንባትን ሞተር ስትሠራ ሁለታችንም አላየናትም። ካንዴላዋን ፈትተን ስናያት ሚካዋ ተሰንጥቃ ጠቁራለች፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሯ ተነሥታ አታውቅም።

ፍርዱ አጭር ነበር። "እሱ አፉን ሞልቶ አረቄ ዋጠ፤ አንተ አፍህን ሞልተህ ቤንዚን ዋጥህ። ተካክላችኋል። እጃችሁን ለዱዓ ዘርጉ" አሉ። መረቁን፤ ተቃቀፍን። የክርስቲያኖቹ ሰንጋ እኔ ቤት እንዲታረድ ተወሰነ። ልጅቷ የሁለታችንንም ጉልበት ሳመች። እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶብኝ ነበር። "አባባ፣ የሳቁ ነገርስ?" አልሁ። "ተወው" አሉኝ። ተውሁት። ዳገቱን ወርደን በሚኒባስ ስንመለስ ወዳጄ ስለ ኮይል፣ ስለ ሚካ፣ ስለ አማቾቹ ሲያወራ መርሳ ደረስን፤ ስለ ሳቁ ግን አላነሣም። ይመን አይመን አላውቅም። ታርቄም ትንሽ ቅር እንዳለኝ ሰንብቻለሁ።

ሰርጉ ደረሰ። ሰንጋው እኔ ቤት ታረደ፤ ደጄ ላይ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ "ግቡ፣ ግቡ" አልሁ። ከሰዓት ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ወደ ውርጌሳ ሄድሁ። የሐራ ሰዎች ግቢውን ሞልተውታል፤ ያጌጠችው መኪና ደጅ ቆማለች። ልጅቷ ተሸፋፍና ወጣችና የአባቷን ጉልበት፣ የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ ሰዉን አልፋ ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ" ብላ አጎነበሰች። ዕንባዬ ወረደ፤ ከንፈሬ ለቀቀ፣ ጥርሴ እንዳለ ወጣ። የሙሽራው አጎት፣ ከአማቾቹ ሁሉ ጥብቁ፣ ፊቱን አጨፍግጎ አየኝ።

"ሰው ሲያለቅስ ይህ ሰውዬ ምን ያስቀዋል?" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ።

እጄ ጋቢዬን ይዞ ወደ አፌ ሊስብ ሲል ከግቢው ማዶ የወዳጄ ድምፅ መጣ።

"አልሳቀም" አለ። "እያለቀሰ ነው። ጥርሱ ነው እንዲያ፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

ጋቢዬን ለቀቅሁት። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት አፌን ሳልሸፍን አለቀስሁ።